የዛገ የፍሬን ቱቦ መቀየር፦ የትኛው ቱቦ፣ ለየትኛው መኪና፣ በምን በጀት

ከደባርቅ ሊማሊሞን ወደ ዛሪማ ሲወርዱ፣ ወይም ከአዘዞ ተነስተው በጭልጋ በኩል ወደ መተማ ቆላ ሲያዘቀዝቁ፣ ፍሬን ያለ ዕረፍት ይረገጣል። ጎንደር ከተማ ውስጥ ቀስ እያለ ሲያንጠባጥብ የከረመ ቱቦ የሚፈነዳው እንዲህ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው። የአንድ አውቶሞቢል ጎማ የሚይዘው ግፊት ከ2 እስከ 2.5 ባር ገደማ ነው። ሹፌር ደንግጦ ፍሬን ሲረግጥ ግን እርሳስ በማታክል ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከ100 ባር ሊያልፍ ይችላል። ዝገት ግድግዳውን ያሳሳው ቱቦ የዘወትሩን ለዘብ ያለ ርግጫ ችሎ ይከርምና ለጠንካራው ይከዳል።

መኪናው ጋራዥ ሲገባ ባለቤቱ የሚሰማው ምክር ብዙ ነው። አንዱ “የበሰበሰውን ቆርጠን እንቀጥለው” ይላል፣ ሌላው “የፍሪጅ መዳብ እጄ ላይ አለ”፣ ሦስተኛው “ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ይላክልን”፣ አራተኛው “ኩኒፈር (የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ቱቦ) ካልሆነ አልነካውም”። ሁሉም በእርግጠኝነት ይናገራሉ፤ ሁሉም ግን ትክክል ሊሆኑ አይችሉም። በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጪ ያሉ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ያለንን ኮሮላ፣ ሃይሉክስና ሚኒባስ ለብዙ ዓመት ይዘን መቆየታችን ስለማይቀር፣ ይህ ጥያቄ በየጋራዡ እየበዛ ይሄዳል።

ይህ መመሪያ በፍሬን ዘይት ለሚሠራ ፍሬን ብቻ ነው፤ አውቶሞቢል፣ ፒክአፕ፣ ሚኒባስና እንደ አይሱዙ ኤንፒአር ያለ ቀላል ጭነት መኪና። ሙሉ በሙሉ በአየር የሚሠራ ፍሬን ያላቸው ከባድ መኪኖች ሌላ ዓይነት ቱቦና ሌላ ሕግ አላቸው።

በእርግጥ መቀየር አለበት?

ጎንደር ላይ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው የሚነሰንስ የለም። ቱቦው ግን ይዝጋል። ያገለገለ ሆኖ የገባ መኪና ቀድሞ የኖረው ክረምቱን መንገድ ላይ ጨው በሚነሰነስበት አገር ወይም በባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ከሆነ ዝገቱን ይዞ ነው የመጣው። ከብት በሚጭን አይሱዙ ላይ ሽንት በወለሉ ስንጥቅ ወርዶ ሻንሲው ላይ ይደርቃል፤ ያ ጨው ያለበት እርጥበት ብረት ይበላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጭቃ ደግሞ ቱቦውን በያዘው ክሊፕ ሥር ታጭቆ ለሳምንታት ሳይደርቅ ይቆያል። ስለዚህ በዓይን በሚታየው ቀጥ ያለ ክፍል ብቻ አይፍረዱ። መታየት ያለባቸው ሦስት ቦታዎች ናቸው፦ የክሊፖቹ ሥር፣ ከነዳጅ ታንኩ በላይ የሚያልፈው ክፍል፣ እና የኋላ አክሰል ላይ የተኛው ክፍል።

ክሊፑን ፈትተው ቱቦውን በሽቦ ብሩሽ ቀስ ብለው ያጽዱ። ቡናማ አቧራ ብቻ ወጥቶ ከሥሩ ለስላሳ ብረት ከታየ በብርጭቆ ወረቀት አጽድተው ፀረ ዝገት ቀለም ይቀቡት፤ መቀየር አያስፈልግም። ቅርፊት ሆኖ ከተነሳ ወይም ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለው ይቀየራል። አቧራው በዘይት ርሶ ጠቁሮ ከተገኘ መኪናው ከቆመበት አይንቀሳቀስ።

መንገድ ላይ የሚሠራውን አንድ ነገር እዚህ ላይ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የፈሰሰውን ቱቦ ቆልምሞ፣ በመዶሻ ደፍጥጦ በሦስት ጎማ ፍሬን መንዳት የተለመደ ነው። የፊት ጎማ ቱቦ ከተቆለመመ መኪናው ፍሬን በያዘ ቁጥር ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። የኋላው ከሆነ ደግሞ ሸክሙን ሁሉ የፊት ፍሬን ይሸከማል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ እሱ ግሎ ዘይቱ ይፈላል። ቁልምሙ ራሱም ያለ ማስጠንቀቂያ ይለቃል። በሌላ መኪና ተጭኖ መምጣት ውድ ነው፤ ቢሆንም ይኸው ነው ያለው መንገድ።

በምን እንመዝናቸው?

ቱቦ ሲመረጥ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋና ዝገት ነው። ሁለቱም ይመዘናሉ፤ ነገር ግን ከእነሱ የሚቀድሙ አሉ። የመጀመሪያው ቱቦው ግፊቱን ብቻ ሳይሆን ንዝረቱን ለዓመታት መቻሉ ነው፤ ኮብልስቶንና ጥርጊያ መንገድ ቱቦን ያለማቋረጥ ያርገበግባሉ፣ የሚደክም ብረት ደግሞ የሚሰነጠቀው የቱቦውን ጫፍ ከሚያስረው ዳዶ አጠገብ ነው። ሁለተኛው እጅግ የሚረሳው ነው፦ ያ ቱቦ በአካባቢያችን ጋራዥ ባለው መሣሪያ በትክክል አፉ ሊሰፋ፣ በጋራዥ ቋንቋ ፍሌር ሊደረግ ይችላል ወይ? በዓለም ምርጥ የተባለ ቱቦ ፍሌሩ ከተሰነጠቀ ከርካሹ የባሰ ነው። በእኛ ግምት ከሁሉም በላይ መመዘን ያለበት ይኸኛው ነው።

ከዚያ በኋላ ዝገት መቋቋሙ ይመጣል። ቀጥሎ በቀላሉ መገኘቱ፤ መተማ ወይም ደባርቅ ላይ ዳግመኛ ቢበላሽ ያው ዓይነት ሊገኝ ይገባል። ዋጋው በመጨረሻ ነው፤ እሱም የቱቦው ብቻ ሳይሆን የእጅ ዋጋው፣ የፍሬን ዘይቱና የዳዶዎቹ ድምር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከድምሩ ትንሹ የቱቦው ዋጋ ነው፤ ስለዚህ በቱቦው ላይ መቆጠብ ያን ያህል የሚያተርፍ አይደለም።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

ዚንክ የተቀባ ብረት። አብዛኛው አሮጌ መኪና ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ከዚሁ ዘር ነው። ለፍሬን የሚሠራው ብረት ቱቦ ግድግዳው ድርብ ነው፤ ስስ ላሜራ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ በመዳብ ተበይዶ የተሠራ። ይህን ለይቶ መጠየቅ ግድ ነው፤ ነጠላ ግድግዳ ኖሮት ስፌቱ የሚታይ ቱቦ ለነዳጅ መስመር ይሆን ይሆናል፣ ፍሌር ሲደረግ ግን በስፌቱ ላይ ይከፈታል። ዚንክ የተቀባው ጠንካራ ነው፣ ንዝረት ይችላል፣ ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ድክመቱ አንድ ነው፦ ዚንኩ ተበልቶ ሲያልቅ እንደ ቀድሞው ይዝጋል። ጭቃው በየጊዜው ለሚታጠብለትና ከተማ ውስጥ ለሚሠራ መኪና በቂ ዕድሜ ይሰጣል።

ፕላስቲክ የለበሰ ብረት። ያው ድርብ ግድግዳ ብረት ሆኖ በላዩ አረንጓዴ ወይም ጥቁር የፕላስቲክ ልባስ አለው። ልባሱ እስካልተጫረ ድረስ ጭቃና ሽንት ወደ ብረቱ አይደርሱም። ከዚንኩ ትንሽ ይወደዳል እንጂ ሥራው ያው ነው። ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፍሌር በሚደረግበት ጫፍ ላይ ልባሱ በምላጭ ይነሳል፤ ያለዚያ መያዣው ይንሸራተታል፣ ዳዶውም አይገባም። የሚነሳው ግን የሚያስፈልገው ያህል ብቻ ነው። እንዲሁም ቱቦውን በፒንሳ ይዞ ማጠፍ ልባሱን ይቆርጠዋል፤ ዝገት በዚያች ጭረት ገብቶ በልባሱ ሥር ተደብቆ ይሄዳል፣ ከውጭም አይታይም።

ኩኒፈር። 90 በመቶ መዳብ፣ 10 በመቶ ገደማ ኒኬል፣ ጥቂት ብረትና ማንጋኒዝ ያለበት ቅይጥ ነው። ቮልቮ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ መኪኖቹ ላይ የገጠመው ሲሆን ኋላ ኦዲ፣ ፖርሽና አስቶን ማርቲንም ተከትለዋል፤ ስለዚህ “መዳብ ነው፣ አይታመንም” የሚለው ክርክር ኩኒፈርን አይመለከትም። አይዝግም ማለት ይቻላል። በእጅ ይታጠፋል፤ ከኋላ አክሰል በላይ ባለው ጠባብ ቦታ መኪናውን ብዙ ሳይፈቱ ማሳለፍ ይቻላል። ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ለስላሳነቱ ነው፦ በርካሽ የእጅ ፍሌር መሣሪያም ንጹሕ አፍ ይወጣለታል፣ በአሮጌ ማስተር (ፔዳሉ የሚገፋው ዋና ሲሊንደር) ወይም ዊል ሲሊንደር (በየጎማው ያለው) መቀመጫ ላይም ተጣጥሞ ይዘጋል። ያው ለስላሳነት ድክመቱም ነው። ድንጋይ ሲመታው ይደፈጠጣል፤ ክሊፖቹ በ20 እና በ30 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ካልተያዙለት ይርገበገባል። ከብረቱ በግልጽ ይወደዳል፤ ጎንደር ላይ ሁልጊዜ ስለማይገኝ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ሊያስፈልግ ይችላል።

ቀይ መዳብ፣ ማለትም የፍሪጅ ቱቦ። ውፍረቱ ተመሳሳይ ስለሆነ፣ በየፍሪጅ ጠጋኙ ስለሚገኝና በቀላሉ ስለሚታጠፍ ያሳስታል። ንጹሕ መዳብ ጥንካሬው ከኩኒፈር ያነሰ ነው፤ ከዚህም በላይ በንዝረት ውስጥ ይጠነክርና እንደ ተደጋጋሚ የታጠፈ ሽቦ ይሰነጠቃል። የሚሰነጠቀው ደግሞ ከዳዶው ሥር፣ ዓይን በማያየው ቦታ ነው። ለፍሪጅ እንጂ ለፍሬን አልተሠራም። ለማንም፣ በምንም በጀት አንመክረውም።

አደጋው ቀይ መዳብ “ኩኒፈር” ተብሎ መሸጡ ነው። መለያው ቀለሙ ነው፤ አዲስ የተቆረጠ ኩኒፈር ወደ ብርማ ሮዝ የሚያደላ ፈዛዛ ነው፣ ንጹሕ መዳብ ግን ደማቅ ቀይ። ማግኔት ይዘው ይሂዱ፤ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ይበቃል። ብረት ቱቦ ይይዘዋል፣ ኩኒፈርና መዳብ አይዙትም። ማግኔቱ ብረቱን ከቀሩት ይለያል፣ ኩኒፈርን ከመዳብ የሚለየው ግን ዓይን ነው።

እስቴንለስ። ዝገት አይነካውም፣ ድንጋይም አይጎዳውም። ችግሩ ጥንካሬው ነው። ቀላሉ የእጅ ፍሌር መሣሪያ ይንሸራተትበታል ወይም አፉን ይሰነጥቀዋል፤ በደንብ የወጣው ፍሌርም ስለማይለዝብ በአሮጌ መቀመጫ ላይ ያልባል፣ ያን ለማቆም ዳዶው ከልክ በላይ ሲጠብቅ መቀመጫው ይበላሻል። እስቴንለስ የሚያዋጣው ጫፎቹ በፋብሪካ ፍሌር ተደርገው፣ ለመኪናው ሞዴል ታጥፎ ከመጣ ብቻ ነው። ጥቅሉን ገዝቶ እዚህ ማጠፍና መክፈት አያዋጣም።

ከአምራቹ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ቱቦ። በሞዴሉ ቁጥር ታዝዞ ታጥፎና ዳዶው ገብቶለት ይመጣል፤ ፍሌሩ አስተማማኝ ነው። ግን ከማስተሩ እስከ ኋላ የሚሄደው ረጅሙ ቱቦ በማጓጓዝ ይጣመማል፣ ለአሮጌ ሞዴልም መገኘቱ አጠራጣሪ ነው። ለአጭርና ብዙ ዙር ላለው ቱቦ፣ ለምሳሌ ማስተሩን ከኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ሳጥን ለሚያገናኘው፣ መጠበቁ ያዋጣል።

ያገለገለ ቱቦ። ከተፈታ መኪና የወጣ ማለት ነው፤ እንደ እርስዎ መኪና ያረጀ፣ ሲፈታም የተጠማዘዘ። ቱቦውን ይተዉት። የነሐስ መገናኛውን ግን፣ ሦስት አፍ ያለውን፣ ጥርሱና መቀመጫው ደህና ከሆነ መውሰድ ይቻላል።

መቀጠል ወይስ ሙሉውን መቀየር?

የዝገቱ ጉድጓድ የወጣበት ቦታ አንድ ስንዝር ቢሆንም ከጎኑ ያለው ቱቦ ያው ዕድሜ ያለው፣ ያው ጭቃ የነካው ነው። የቀጠሉት ቦታ ሳይነካ ከቅጥሉ 40 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሲፈነዳ ሁለተኛ የእጅ ዋጋ፣ ሁለተኛ የዘይት ዋጋ ይከፈላል። ስለዚህ ደንቡ ከዳዶ እስከ ዳዶ መቀየር ነው።

መቀጠል የሚፈቀደው በአንድ ሁኔታ ነው፦ ጉዳቱ ከድንጋይ ወይም ከመሣሪያ ምት ከሆነና ቀሪው ቱቦ ንጹሕ ከሆነ። ያኔም በሁለቱ ጫፍ ድርብ ፍሌር ተደርጎ፣ ለፍሬን በተሠራ መገናኛና በሁለት ዳዶ ይታሰራል። ቱቦው ላይ ቀለበት ጨምቆ የሚይዘው የውሃና የነዳጅ መገናኛ ለፍሬን ግፊት አይደለም፤ ቱቦው ተንሸራትቶ ይወጣል። ነሐስ በእሳት አቅልጦ መበየድም አይገባም። እሳቱ ዚንኩን ያቃጥላል፣ ብረቱን ያለሰልሳል፣ ውስጡ የሚፈጠረው ቅርፊት ደግሞ ተጉዞ የኋላ ግፊት መቆጣጠሪያውን ይዘጋል፤ በቱቦው የቀረ የፍሬን ዘይትም ሊቀጣጠል ይችላል። የነዳጅ ጎማ ቱቦ አስገብቶ በፋሸታ ማሰር ከዚህም ይከፋል፤ ፋሸታው ያን ግፊት አይዝም፣ የነዳጅ ጎማም በፍሬን ዘይት ያብጣል።

ፍሌርና ጥርስ፦ ስህተቱ የሚሠራበት ቦታ

ቱቦ ሲቀየር አብዛኛው ማንጠባጠብ የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ ዘርዘር አድርገን እንየው።

ሁለት ዓይነት ፍሌር አለ። ቶዮታ፣ አይሱዙ፣ ኒሳንና ሚትሱቢሺ በአብዛኛው የሚጠቀሙት ድርብ ፍሌር ነው፤ የቱቦው አፍ ወደ ውስጥ ተመልሶ ታጥፎ በ45 ዲግሪ እንደ ቀንድ መለከት የተከፈተ። ፔጆ፣ ፊያት፣ ፎልክስቫገንና መርሴዲስ ያሉት የአውሮፓ መኪኖች በአብዛኛው ክብ፣ እንቡጥ የመሰለ ፍሌር አላቸው። አንዱ በሌላው መቀመጫ ላይ አይዘጋም። የወጣውን አሮጌ ጫፍ ሳይጥሉ ይያዙና አዲሱን ከእሱ ጋር ያስተያዩ።

የጃፓኑ መኪና ዳዶ ብዙውን ጊዜ ኤም 10 (ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር)፣ የጥርስ ርቀቱ 1 ሚሊ ሜትር፣ ቁልፉም ቁጥር 10 ነው። ከአሜሪካ የመጣ የዳዶ ስብስብ ውስጥ ያለው የ3/8 ኢንች፣ በኢንች 24 ጥርስ ያለው ዳዶ ለዓይን ያንኑ ይመስላል፤ ስፋቱ ግን 9.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በኤም 10 ቀዳዳ ልል ብሎ ይገባል፣ ሲጠብቅ የማስተሩን ጥርስ ይነቅላል። ርካሽ ዳዶ ውድ ማስተር ያስቀይራል። በጣት ሦስትና አራት ዙር ያለ ማስገደድ ገብቶ፣ ደግሞም ሳይወላወል የሚሄድ መሆን አለበት።

የቱቦው ውፍረት ለአውቶሞቢልና ለፒክአፕ በአብዛኛው 4.75 ሚሊ ሜትር ነው፤ በኢንች 3/16 የሚባለው ያው ነው። በጭነት መኪና ላይ ወፍራም ሊሆን ስለሚችል በካሊፐር ይለካ። ወፍራሙን በቀጭን መተካት የፍሬኑን አያያዝ ስለሚቀይር አይደረግም።

ድርብ ፍሌር እንዲህ ይሠራል። ቱቦው በትንሽ የቱቦ መቁረጫ፣ በየዙሩ ጥቂት ብቻ እያጠበቁ ይቆረጣል፤ ሴጌቶ አፉን ያጣምመዋል፣ ብናኝም ይተዋል። የውስጡ ጠርዝ በመፋቂያ ይጸዳል፣ ብናኙ ወደ ውጭ ይራገፋል። ከዚያ ዳዶው ፊቱ ወደ ጫፉ ሆኖ ይገባል፤ ይህን ረስቶ ፍሌር ማድረግ ልምድ ያለውንም ሰው ያጋጥመዋል፣ መፍትሔውም ቆርጦ እንደገና መጀመር ነው። ቱቦው በመያዣው ሲታሰር ከላይ የሚወጣው ርዝመት ከመሣሪያው ጋር ካለችው፣ የልብስ ቁልፍ ከምትመስለው ትንሽ ክብ ብረት ትከሻ ቁመት ጋር እኩል ይሁን። ካነሰ ፍሌሩ ጠባብ ይሆናል፤ ከበዛ ይሰነጠቃል። ጫፉ ላይ ጠብታ የፍሬን ዘይት ይደረጋል፤ መጀመሪያ በዚያች ክብ ብረት ተጭኖ አፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ቀጥሎ በሾጣጣው ይከፈታል። የወጣው አፍ ክቡ እኩል፣ መሐሉ ላይ የተቀመጠ፣ ስንጥቅ የሌለው ካልሆነ ይቆረጥ። ለዚህም ነው ከሚለካው ርዝመት በየጫፉ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ተጨማሪ የሚያዘው።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | ዝገት መቋቋም | ማጠፍና ፍሌር | የቱቦው ዋጋ | ፍርድ |
|---|---|---|---|---|
| ዚንክ የተቀባ ድርብ ብረት | መካከለኛ | መካከለኛ፣ ማጠፊያ ይፈልጋል | ዝቅተኛ | ለከተማ ሥራ ይሆናል |
| ፕላስቲክ የለበሰ ብረት | ጥሩ፣ ካልተጫረ | እንደ ብረቱ፣ ልባሱ ጫፍ ላይ ይነሳል | ከዝቅተኛ ትንሽ ከፍ ያለ | ለአብዛኛው ሰው ተመራጭ |
| ኩኒፈር | በጣም ጥሩ | በጣም ቀላል | ከፍተኛ | ለረጅም ጊዜ ምርጥ |
| እስቴንለስ | በጣም ጥሩ | በጣም ከባድ | ከፍተኛ | ተዘጋጅቶ ከመጣ ብቻ |
| ከአምራቹ የተዘጋጀ | እንደ ሥሪቱ | አያስፈልግም | ከፍተኛ፣ መጠበቅም አለ | ለአጭርና ጠምዛዛ ቱቦ |
| ያገለገለ | የማይታወቅ | አፉ ያረጀ | ዝቅተኛ | አይመከርም |
| ቀይ መዳብ | ጥሩ | ቀላል | ዝቅተኛ | ፈጽሞ አይገጠም |

ለማን የትኛው?

በጀቱ ጠባብ ለሆነ፣ መኪናውም ከጎንደር ከተማና ከአዘዞ ብዙ ለማይርቅ፦ ዚንክ የተቀባው ድርብ ብረት ሙሉውን ይቀየር፣ ከተገጠመ በኋላ ክሊፖቹ ሥርና አክሰሉ ላይ ያለው ክፍል ፀረ ዝገት ቀለም ወይም ወፍራም ግራሶ ይቀባ። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ በመጀመሪያ የሚቀየረው የባሰው መስመር ነው፤ የቀሩት ግን በየሦስት ወሩ መታየት አለባቸው።

በደባርቅ፣ በመተማ ወይም በባሕር ዳር መስመር ለሚሠራ ሚኒባስና ፒክአፕ ፕላስቲክ የለበሰውን ብረት እንመርጣለን። ድንጋይ የሚወረውር መንገድ ላይ ከኩኒፈር ይልቅ ምት ይችላል፣ ዋጋውም ከመጀመሪያው ብዙ አይርቅም።

ከብት ለሚጭን አይሱዙና መኪናውን ገና አሥር ዓመት ሊይዘው ላሰበ ሰው ኩኒፈር ያዋጣል፤ በተለይ ከጭነት ሣጥኑ ሥር ለሚያልፈው መስመር፣ እሱን ደግሞ መፍታት ብዙ ድካም ስላለው። ጋራዡ ያለው ቀላል የእጅ ፍሌር መሣሪያ ብቻ ከሆነም ኩኒፈር ይሻላል፤ ውድነቱ በንጹሕ ፍሌር ይካሳል። ድንጋይ በሚያገኘው ቦታ ላይ የጎማ ልባስ ወይም የሽቦ መጠቅለያ ይደረግለት።

ሁለቱን ማቀላቀልም ነውር የለውም፦ ከሻንሲው ጎን የሚሄደው ቀጥተኛ ክፍል ልባስ ያለው ብረት፣ በአክሰሉ ላይ ያለው ጠምዛዛ ኩኒፈር፣ በፍሬን መገናኛ ተያይዘው።

ሲገጠም

ከመፈታቱ አንድ ቀን በፊት ዳዶዎቹ ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይረጭ። ተራ ክፍት ቁልፍ የዛገ ዳዶን ማዕዘን ይበላል፤ አፉ በከፊል የተከፈተ፣ ቱቦን የሚያሳልፍ ቀለበት ቁልፍ ይጠቀሙ። ማዕዘኑ ካለቀ ቱቦውን ከዳዶው ሥር ቆርጠው ባለ ስድስት ማዕዘን ቦሳላ ይግጠሙበት፤ ቱቦው መጣሉ ካልቀረ ማባበል ለምን? ከጎማ ፍሌክሲብሉ ጋር የተያያዘው ዳዶ ሲፈታ ፍሌክሲብሉ በሌላ ቁልፍ ይያዝ፣ አለበለዚያ ውስጡ ይጠመዘዛል። የተሰነጣጠቀ ወይም ያበጠ ፍሌክሲብል በዚሁ ጊዜ ይቀየር።

ፍሬን ፔዳሉን በእንጨት ጥቂት ተጭኖ ወንበሩ ላይ ማስደገፍ የማስተሩን መመለሻ ቀዳዳ ይዘጋል፤ ዘይቱ ተንጠፍጥፎ አያልቅም። ኤቢኤስ ላለው መኪና ይህ ግዴታ ማለት ነው፤ አየር ሳጥኑ ውስጥ ከገባ ለማስወጣት ኮምፒውተር ሊያስፈልግ ይችላል። የፍሬን መብራት ባትሪ እንዳይጨርስ የባትሪው ነጋቲቭ ይፈታ።

ርዝመቱን በስስ ሽቦ በአሮጌው ቱቦ መንገድ ተከትለው ይለኩ። ማጠፊያ ከሌለ ከአውራ ጣት በማያንስ ክብ ነገር ላይ ይታጠፍ፤ የተቆለመመ ቱቦ አይቃናም፣ ይጣላል። ከጭስ ማውጫ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር አይንካው። ውስጡ በንጹሕ አልኮል ወይም በፍሬን ዘይት ታጥቦ በአየር ይነፋ። በቤንዚን፣ በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ማጠብ የማስተሩን ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ያሳብጣል። ዳዶው በቶዮታ ልክ 15 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃል፤ በአጭር ቁልፍ ደህና አድርጎ ማጥበቅ ማለት እንጂ በሙሉ ጉልበት መጫን አይደለም።

ለዘይቱ የማስተሩን ክዳን ያንብቡ፤ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው የሚለው። ዶት 4 ደረቅ ሳለ ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ ዶት 3 ደግሞ ከ205። ውሃ ሲጠጡ ወደ 155 እና 140 ዲግሪ ይወርዳሉ፤ ለሊማሊሞና ለመተማ ቁልቁለት ዶት 4ን የምንመርጠው ለዚህ ነው። ሲሊኮኑ ዶት 5 ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም፤ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ጠብታም አይግባ። ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ፣ በተለይ በክረምት፣ እርጥበት ጠጥቷልና አይገዛ። ሙሉውን ለማጠብ 1 ሊትር ያህል ይበቃል።

አየር ሲወጣ በአብዛኛው ከማስተሩ ከሚርቀው ይጀመራል፦ ኋላ ቀኝ፣ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ። በሰያፍ የተከፈለ መስመር ያላቸው የፊት ጎማ የሚነዳቸው መኪኖች ቅደም ተከተላቸው ሊለይ ይችላል። ሃይሉክስና ሚኒባስ ላይ ከኋላ አክሰል ጋር የተያያዘ፣ ጭነት እየለካ ግፊት የሚቆጣጠር ቫልቭ ካለ መኪናው በሻንሲው ተነስቶ አክሰሉ ተንጠልጥሎ አየር አይወጣም፤ ቫልቩ ለኋላ የሚሄደውን ስለሚያሳንስ አየሩ ይቀራል። አክሰሉ ራሱ ይደገፍ፣ ክብደቱ ይረፍበት።

ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ ፔዳሉ በኃይል ለአንድ ደቂቃ ይረገጥ፣ ሌላ ሰው ከታች እያንዳንዱን ዳዶ ይይ። ፔዳሉ እየሰመጠ ከሄደና ከውጭ ምንም ካልፈሰሰ ጥርጣሬው ማስተሩ ላይ ነው። እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር አለ። ጠንከር ማለቱ ግን ሁልጊዜ የቱቦ ጥፋት አይደለም፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፣ ደባርቅ ላይ ደግሞ ይብሳል፣ በአየር ክፍተት የሚያግዘው የፍሬን ማገዣ በዚያው ልክ ይደክማል።

የመጀመሪያው ጉዞ በከተማ ሜዳ ይሁን። ከሳምንት በኋላ እያንዳንዱን ዳዶ በደረቅ ነጭ ሶፍት ይንኩት፤ ከረጠበ ዳዶው አንድ ጊዜ ተፈትቶ ዳግም ይጠበቅ፣ ደግሞ ከረጠበ ፍሌሩ ተቆርጦ ይሠራ።